ከጸሎት በፊት የተፈረመ

ጥቅምት 12

ለማከብርዎት ለአባቴ እህት፣ እናትም አባትም ለሆኑኝ ለእትዬ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ጎረቤትዎ ስልኩን ቢያቀብሉዎት «ንብ ነው የሚሰማኝ» ብለው መለሱላቸው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በሽመና ፋብሪካ ጩኸት ውስጥ የቆመ ጆሮ ምን ያድርግ! እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንገናኛለን። ለኔም ይሻለኛል፤ በደብዳቤ ሲቆጡኝ አይጮኹም።

«ሥራሽ ምንድን ነው? ከፈጣሪሽስ ጋር እንዴት ነሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሥራዬ ሆስፒታል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል የተጠቀሙበት ቢላና መቀስ በሣጥን በሣጥን ይወርድልናል። እናጥባለን፣ እንጠቀልላለን፣ ከዚያ በእንፋሎት ጀርም ገድሎ የሚያመክን ትልቅ ማሽን ውስጥ እንከታለን። ማሽኑን «ድስቱ» ነው የምንለው። ጠዋት ዕቃ ከመግባቱ በፊት ድስቱን ባዶውን እናስነሳና አንዲት ቢጫ የሙከራ ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለን እናስገባበታለን። እንፋሎቱ በደንብ ከደረሰ ወረቀቷ ከዳር እስከ ዳር ትጠቁራለች። መሃሏ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግን ውስጡ አየር ቀርቷል ማለት ነው፤ ያን ቀን ድስቱ አይሠራም። ወረቀቷን አይቶ መዝገቡ ላይ «ደህና ነው» ብሎ የሚፈርመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ታዲያ ሙከራው ሲሄድ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻዬን እሆናለሁ። ይህቺን ጊዜ ለእግዚአብሔር ሰጠኋት። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ እያለ ከጸሎቴ መሃል ይጠራኝ ነበር፤ ተነሺ፣ እይ፣ ፈርሚ። በእግዚአብሔር ፊት ተንበርክኬ የሰው ወረቀት ሲጠራኝ በጣም ቆጨኝ። አሁን ዘዴ አግኝቻለሁ፤ ቀድሜ ፈርሜ እጨርስና በሩን ዘግቼ እንበረከካለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ፤ ወረቀቷ አንድም ቀን ቢጫ ወጥታ አታውቅም።

እዚህ የሚጠሩኝ «ጸሎተኛዋ» እያሉ ነው። እሷ ከፈረመች አለቀ ይላሉ። ኩራት እንዳይሆንብኝ እንጂ ደስ ይለኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ በሚያዝያ ያልቃልና እንዲታደስልኝ እርስዎም በጸሎት ያስቡኝ። ምን ልላክልዎት?

ጤና አይለይዎት፤
የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 3

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭምቴ፤

በመውጣት በመግባትሽ የፈጠረሽ ካንቺ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ። ስልኩን ንብ ያልኩት ስለራራሁለት ነው፤ የቆርቆሮ ወፍጮ ነው የሚመስለው።

ደብዳቤሽን ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰል። መርፌው ዓይን አለው፣ እኔ ነኝ የሌለኝ። ከቻልሽ የቅርብ ማያ መነጽር ላኪልኝ። ወፍራም ይሁን፤ ቁንጅናው ይቅርብኝ።

ምግብ ከበላሁ በኋላ ጎኔን ወጋ ያደርገኛል። ዕድሜ ነው፣ ተይው።

ከሥራ በፊት መጸለይሽ ደስ አሰኝቶኛል። አባትሽ ቢኖር ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው ያወራው ነበር። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ማየት ነበር፤ ጨርቁ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፣ እኔ ቀዳዳ አያለሁ፣ መጨረሻው ሲያልፍ እፈርማለሁ። ወረቀቷ ገና ድስቱ ውስጥ ሳለች እንዴት ነው የሚፈረመው? ልጁ ሳይወለድ ስም ወጣለት እኮ ነው። የአገሩ አሠራር እንዲያ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አሮጊት ነገር ይገባኛል ስትል ነው የምትሳሳተው።

ሰላሙን ያብዛልሽ፤
አክስትሽ


ኅዳር 29

ለእትዬ፤

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ።

መነጽሩን በሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። ስለ ፊርማው ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ የአገሩ አሠራር ነው።

ሰሞኑን ሥራ ቦታ ነገሩ ጥሩ አይደለም። ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች የሦስቱ ቁስል አመርቅዟል። ማሽኖቻችንን የሚጠግነው መካኒክ ከሥራ ታግዷል። እኔን ማንም ምንም አላለኝም።

አጥብቀው ይጸልዩልኝ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ እባክዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለጭምቴ፤

የጌታ ዓይን ካንቺ ላይ አይነሳ። መነጽሩ ደረሰኝ። ጎረቤቶቼ ምን ያህል እንዳረጁ ገና አሁን አየሁ፤ ደብዳቤሽንም ራሴ አነበብኩት። አጭር ነው። አትጠይቂኝ ስላልሽ አልጠየቅሁሽም፤ ጸሎቱን ግን ጀምሬያለሁ።

እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ። ጎኔን ወጋ ያደርገኛል ያልኩሽ ወጋ ማድረግ አይደለም፤ መሬት ላይ ያንከባልለኛል። ሐኪሙ የሐሞት ከረጢትዎ ጠጠር ሞልቶታልና በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብሎኛል። ቀጠሮው የካቲት 2 ነው።

ጭምቴ፣ ፈርቻለሁ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አማኝ ሞትን አይፈራም እያልኩ ስንት ሐዘንተኛ አጽናንቻለሁ፤ ይኸው ለራሴ ሲሆን ቢላ የሚለውን ቃል ስሰማ ወሬ እለውጣለሁ። ሐኪሙን አይደለም የምፈራው። እሱን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ለስሙ ሲል ይጠነቀቃል። የምፈራው የማላየውን ሰው ነው። ቢላውን ያጠበው ማን ነው? የዚያን ቀን ልቡ የት ነበር?

ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ምድር ቤት ያለ ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ንገሪኝ። ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። እዚህም ምድር ቤት እንደኔ ጭምት ያለች፣ ፈጣሪዋን የምትፈራ ልጅ አለች እያልኩ ነው ራሴን የማባብለው። እንዲያ ካላልኩ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አይዞርም።

አክስትሽ


ጥር 11

ለጭምቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ለጻፍኩልሽ መልስ አላገኘሁም። ፖስታ ቤቱን ስጠይቅ የኛ ጥፋት አይደለም አሉኝ፤ ማን ጥፋታችሁ ነው እንዳላቸው እንጃ።

ያመመሽ ከሆነ በሰው አስጽፊልኝ። የጠየቅኩሽ አስቸግሮሽ ከሆነም ሁለት መስመር ይበቃኛል። ቀኑ እየቀረበ ነው።

አክስትሽ


ጥር 15

ለእትዬ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለራሴ ጤና ግን ምንም አልጽፍም።

ታኅሣሥ የጻፉት ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በነጋታው መልስ ጽፌልዎት ነበር፤ ቆንጆ ደብዳቤ ነበር። ምድር ቤት ያለ ሰው እንዴት እንደሚጠነቀቅ፣ እንዴት ደጋግሞ እንደሚያይ ጻፍኩ። ፖስታውን አሽጌ አድራሻዎን ጻፍኩበት። ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ ያሉት ትዝ ሲለኝ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

ቀድሞ መፈረም የአገሩ አሠራር አይደለም። የኔ አሠራር ነው። ዋሽቼዎታለሁ።

ኅዳር 14 ጠዋት እንደ ልማዴ ፈርሜ ተንበረከክሁ። ከዋዜማው ጀምሮ ልቤ አልተረጋጋም ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሌላ ማስረጃ አምጪ ብሎ ጽፎልኛል። ከአገር ቢያስወጡኝስ እያልኩ እየጸለይኩ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም። ላይ ያሉት ዕቃ ላኩ ብለው ሲደውሉ ብድግ አልኩ፤ ወረቀቷን ከነጨርቋ አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ጣልኳትና ድስቱን ሞላሁት። አላየኋትም። ምን አስቸኮለኝ መሰለዎት? ከተፈረመ በኋላ ማየት ትርፍ ሥራ መስሎ ታየኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቷን መዝገቡ ላይ ልለጥፍ ስከፍታት መሃሏ የሳንቲም ያህል ቢጫ ነው። ያን ጊዜ ዘጠኝ ሣጥን ዕቃ ወጥቶ ነበር። ስልኩ ፊቴ ነው፤ ሦስት ቁጥር መጫን ብቻ ነበር። «የላካችሁትን ዕቃ እንዳትነኩ» ማለት ብቻ። እኔ ግን ወረቀቷ አሮጌ ትሆናለች ብዬ ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኳት። መዝገቡ ላይ የሌላ ቀን ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን መጽሐፍ ከፍቼው አላውቅም። መንበርከኬን ግን አልተውኩም፤ ጸሎተኛዋ ዛሬ አልጸለየችም እንዳይሉ በሩን ዘግቼ ዝም ብዬ እንበረከካለሁ። ማንንም አላናግርም።

የእርስዎ ጥያቄ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት ቀድሞ ደርሶ ቢሆን እያልኩ ፖስታ ቤቱን ረገምኩ፤ ሰው ሲያጣ የሚረግመው አያጣም።

ቁስላቸው ካመረቀዘው ሦስት ሰዎች አንዱ አናጢ ነው። ጉልበቱን ለመታከም ነበር የገባው። ሁለት ጊዜ ደግመው ከፈቱት። መካኒኩ ደግሞ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የድስቱን በር ብሎን አጥብቆ ነበር፤ ማጥበቁንም ራሱ በታማኝነት መዝገብ ላይ ጽፏል። ታዲያ በኔ ፊርማ መሠረት ድስቱ ጠዋት ደህና ስለነበር ያበላሸው መካኒኩ ነው ተባለ። እሱ የሠራውን ስለጻፈ ተያዘ፤ እኔ ያላየሁትን ስለፈረምኩ ነፃ ወጣሁ። ስብሰባው ላይ የክፍሉ ኃላፊ «ጸሎተኛዋ ፈርማለች፤ የሷ ፊርማ አይጠረጠርም» ስትል እዚያው ነበርኩ። ቀና አላልኩም።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፤ ሥራዬን ካጣሁ ፈቃዱ አይታደስም። ሊያስሩኝም ይችላሉ።

ምድር ቤት ያለ ሰው ሥራውን እንዴት ይሠራል ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ነው የሚሠራው። ይህን ማወቅ ለእርስዎ በዚህ ሰዓት እንደማይበጅ አውቃለሁ። ግን ደግሜ ብዋሽዎት ከእግዚአብሔር ጋር የቀረችኝ አንዲት ክር እንዳትበጠስ ፈራሁ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 5

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ጎረቤቴ ያመጣችልኝ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ነው፤ ሆስፒታል አልጋ ይዤ ነበር። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ከዚያ የሰጡኝን ጋውን አጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ቀሚሴን ለብሼ በእግሬ ወጣሁ። ነርሷ «እማማ፣ ወዴት ነው?» ስትለኝ አልሰማሁም አልኩ። ጆሮዬ በሕይወቴ አንድ ቀን ጠቀመኝ።

ሦስት ቀን ተቆጥቼ ቆየሁ። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ትንሽ ሲበርድልኝ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

አልዋሽሽም፣ እኔም ቅድስት አይደለሁም። ፋብሪካ ሳለሁ አንድ ቀን ጨርቁ እያለፈ መዝሙር ጀመርኩና ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አርባ ሜትር አለፈኝ። ጥቅሉን ወደኋላ አስመልሼ አለቃዬ ፊት ስድብ ጠግቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጸልዬ እገባለሁ፣ ስገባ ግን ጨርቁን አያለሁ። ታዲያ ያመለጠኝ ጨርቅ ነበር። ቢቀደድ ይጣፋል።

ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ ጠብቀሽ ከሆነ ምኑን ይቅር ልበልሽ? የከፈቱት ጉልበት የኔ አይደለም። የታገድኩትም እኔ አይደለሁም። ያ መካኒክ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? አላጠፋሁም ሲላት ታምነዋለች? ይህን አስቢ። ደግሞ ዘጠኝ ሣጥን ነው ያልሽው፤ የታመሙት ሦስት ናቸው። ሌሎቹስ? እቤታቸው ተኝተው ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል የሚሉ ቢኖሩስ?

ሂጂና ተናገሪ። ሳይቃጠል በቅጠል ድሮ ቀረ፤ ተቃጥሏል። ቢሆንም ሂጂ። ያስሩሽ እንደሆነም እስር ቤት ደብዳቤ ይገባል።

የኔን ቀጠሮ ለመጋቢት 10 አዛውረውልኛል። እንደምሄድ እንጃ። ሐኪሙ ቢቆዩ ሊፈነዳ ይችላል ብሏል፤ ያም ያስፈራኛል፣ ይሄም ያስፈራኛል።

እንዳልተውሽ ታውቂያለሽ፤
አክስትሽ


የካቲት 21

ለእትዬ፤

ባሉበት ጌታ ይጠብቅዎት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በነጋታው ሄድኩ።

ኃላፊዬ ሻይ ልትጠጣ ስትል ነበር። ወረቀቷን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላትና ቀኑን ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ኩባያውን አስቀምጣ መስኮቱን ከፈተች፤ ሙቀት አልነበረም። «ለምን አላየሽውም?» አለችኝ። ተዘናግቼ ነው አልኳት። ጻፊው አለችኝ፤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬን ሳየው አስጠላኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኅዳር 14 ቀዶ የተደረገላቸውን ሁሉ እየደወሉ ጠሩ። እንዳሉት ሁለት ሰዎች እቤታቸው ሆነው ትኩሳታቸውን እያስታመሙ ነበር፤ ሳይብስባቸው ተደረሰላቸው። አንዷ ያን ቀን በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ናት።

መካኒኩ ተመልሷል። ደረጃው ላይ ተገናኝተን ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ሦስት ወር ከሰው ዓይን ተደብቆ ለኖረ ሰው አንድ ይቅርታ ምን ይሠራለታል? እኔ ታግጃለሁ። ውሳኔው እስኪታወቅ ከተማውን እንዳልለቅ ነግረውኛል። የፈቃዱን ነገር ማንም አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደረጃ የሚወጣ ሰው ባለ ቁጥር ፖሊስ ነው እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የእርስዎ ነው። እውነቱን ስለነገርኩዎት ከአልጋ ተነስተው ወጡ። ያ ጠጠር አንድ ነገር ቢያደርግዎ የገደልኩዎት በእውነት ይሆናል። እባክዎ ይግቡ። እኔን አይመኑ፤ ግን ይግቡ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 7

ለጭምቴ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያጽና። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ የዛሬ ሦስት ቀን እገባለሁ።

እንዴት እንደቆረጥኩ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ሄጄ ምድር ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዘበኛው እማማ እዚያ አይገባም አለኝ። ልጄ እዚያ ትሠራለች አልኩት፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ደግሞ እዚህ ሳይሆን ሌላ አገር ነው አልኩት፤ ጅል መስዬው አሳለፈኝ። ትልቅ መስታወት አለ፤ ከውጭ ቆሜ አየሁ። አንዲት ወፈር ያለች ልጅ ናት። ጭምትነት የሚባል አልፈጠረባትም። ማስቲካ ታኝካለች፣ ሬዲዮ ከፍታ ወገቧን ታወዛውዛለች። ልቤ ስብር አለ፤ ሕይወቴን ለዚህች ነው የምሰጠው አልኩ።

ማሽኑ ሲቆም ሬዲዮውን ዘጋችው። ወረቀቱን አወጣች። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ ገለበጠችው፣ መስኮቱ ጋ ወስዳ ደግማ አየችው። ማስቲካዋ እንኳ ቆሟል። ከዚያ ፈረመች። ሃያ ስድስት ዓመት ያንን ሠርቻለሁና የሚያይ ሰው አውቃለሁ። መስታወቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ፈጣሪዋን ትወቀው አትወቀው አልጠየቅኋትም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። መናገርሽ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ወላዷ እናት አመስግኛለሁ። ነገር ግን «ተዘናግቼ ነው» አልሽ። ጭምቴ፣ ተዘናግተሽ አልነበረም። ስትጸልዪ ነበር። ለምን አልነገርሻትም? የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ ብለሽ ከሆነ እሱ ስሙን መጠበቅ ያውቅበታል፤ ካንቺ በፊትም ሲያውቅበት ኖሯል። የራስሽ ስም እንዳይነካ ብለሽ ከሆነ ደግሞ እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ግማሽ ጨርቅ ልብስ አይሆንም።

አናጢው ገና እዚያው ተኝቶ ከሆነ ሂጂለት። ወረቀት ላይ የፈረምሽለትን አይደለም፣ የሆነውን ንገሪው።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። ጸለይኩ፣ አልለቀቀኝም። እንደፈራሁ እገባለሁ።

አክስትሽ


መጋቢት 24

ለእትዬ፤

ይህን ስጽፍ በሕይወት መኖርዎን አላውቅም። አሥረኛው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ። የጎረቤትዎ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ስለዚህ እንዳሉ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ ሌላ መጻፊያ መንገድ አላውቅም።

አናጢው ጋ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለው። ከበሩ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ነርሷ ከውስጥ ስትወጣ በሩን ያዘችልኝና አፈርኩ፣ ገባሁ። እግሩን በትራስ ከፍ አድርገውለታል። የምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ በእርሳስ ወንበር ይስላል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አጋደመው። ደብዳቤ ልከውለት ስለነበር ነገሩን ያውቃል፤ ሴትየዋን ነው ያላወቀው። ጉልበቱ ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገረኝ። ወለል ላይ ተንበርክኮ ጣውላ የሚነጥፍ ሰው ነበር። እኔ ያን ቀን ምን ላይ እንደነበርኩ አሰብኩና ጉልበቶቼን ምን ላድርጋቸው አልኩ፤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ተዘናግታለች ይላል የላኩልኝ ወረቀት» አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ምን ስታደርጊ ነበር?»

«እየጸለይኩ ነበር» አልኩት።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲሰድበኝም ፈለግሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣

«ስለኔ ነበር?» አለኝ።

እትዬ፣ በዚህ ነገር ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት ጊዜ የለም። አዎ ብዬው ቢሆን ይጽናና ነበር፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ውሸቱም ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ላይ ፎቅ ለተኙት በሽተኞች የምጸልይባቸው ቀኖች ነበሩ። ያ ቀን ግን አልነበረም።

«አይደለም» አልኩት። «ስለ መኖሪያ ፈቃዴ ነበር።»

ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ፈቃዱ ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገና አልታወቀም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አንሶላውን ከእግሩ ላይ ገለጠው። ፋሻው ለመለወጥ ተፈትቶ ስለነበር ቁስሉ እንዳለ ይታያል። ምድር ቤት የሠራሁት ሥራ በሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚሆን ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊቴን ላዞር ስል ያዘኝ።

«እንግዲያው አሁን ስለኔ ጸልዪ» አለ። «ዓይንሽን ግን እንዳትጨፍኚ።»

ጸለይኩ። ቁስሉን እያየሁ ነው የጸለይኩት። የማውቀው ቃል ሁሉ ጠፍቶብኝ «አቤቱ፣ ይሄ ሰው፣ ይሄ ጉልበት» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም። እግዚአብሔር እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ስለነበረም ነው እንደዚያ የተንቀጠቀጥኩት። ስጨርስ አሜን አላለም። አንሶላውን መለሰና እርሳሱን አነሳ፤ ልወጣ ስል ግን ከኋላዬ ነገም በዚሁ ሰዓት ነይ አለኝ።

ነገ እሄዳለሁ። ከነገ ወዲያም ከጠራኝ እሄዳለሁ፤ ከዚህ አገር እስኪያስወጡኝ ድረስ። እትዬ፣ ካሉ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ፈሪዋ የወንድምዎ ልጅ